ጎመን፣ ክሮሚየምና ካቴኪዝም፦ ሦስት የትምህርት ዘርፍ በአንድ ጥናት ይያዛል ወይ?

የአቃቂ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ተማሪዎች ነን፤ አንዱ ኬሚስትሪ፣ አንዷ የግብርና ኢኮኖሚክስ፣ እኔ ደግሞ ሥነ መለኮት በሉተራን ወገን። ከላፍቶ በታች እስከ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ባለው የከተማው ዳርቻ፣ በትንሹ አቃቂ ውኃ በሚለሙ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ በጋራ ለመሥራት አስበናል። ኬሚስቱ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ይለካል። ኢኮኖሚስቷ ገበሬው ለንጹሕ ውኃ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ ትጠይቃለች። የኔ ድርሻ የጥሪ (የሙያ) ትምህርትና የባልንጀራ ፍቅር ነው።

አማካሪዎቻችን «ሰፍቷል፣ ጥበቡት» ይላሉ። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ስፋቱ በእርግጥ ችግር ነው? ለ1,200 አባወራ በያማኔ ቀመር (ከጠቅላላው ብዛት ተነሥቶ የናሙናውን ቁጥር የሚያወጣ ነው) 300 ናሙና ወጥቶልናል፤ ለሁላችንም ይበቃል? የኔ ምዕራፍስ መጨረሻ ላይ እንደ መዝጊያ ጸሎት እንዳይለጠፍ ምን ላድርግ?

ነበልባል

ስፋቱ አይደለም የሚያስፈራው፤ ሦስታችሁ ሦስት የተለያየ ጎመን እንዳታጠኑ ነው። ኬሚስቱ ወንዝ ዳር የቆረጠው፣ ኢኮኖሚስቷ ገበያ ላይ ዋጋ የጠየቀችበትና አንቺ የምትጽፊበት ጎመን ከአንድ ማሳ ካልመጣ፣ ሦስት ደብተር በአንድ ጥራዝ ሰፋችሁ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥር ስጡ፤ የላብ ናሙናውም፣ መጠይቁም፣ የቃለ መጠይቁ ቅጂም በዚያው ቁጥር ይያዝ። ቁጥሩን ከሰው ስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍ።

300ው ለኔ ዘርፍ፣ ለኬሚስትሪ፣ አይሠራም። ሦስት መቶ ማሳ የሚመረምር ላብ አታገኙም፣ ብታገኙም ገንዘቡ አይበቃም። ከ300ው ውስጥ 40 ማሳ ምረጡ፤ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ተመጣጥኖ። በሁለት ወቅት 80 የአትክልት ናሙና ይሆናል። በየ10ሩ አንድ ብላንክ (ናሙና የሌለበት መቆጣጠሪያ) እና አንድ ድጋሚ ናሙና ጨምሩበት፤ 96 ሆነ። አፈሩም ያው 96። ውኃው ከመሳቢያ ቦታዎቹ ብቻ ስለሚቀዳ በጣም ያነሰ ነው።

ውኃ ላይ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙሱ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ 24 ሰዓት ተዘፍዝፎ በተጣራ ውኃ ይለቅለቃል። የሟሟውን ብረት ከፈለጋችሁ እዚያው ወንዝ ዳር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ታሳልፉታላችሁ፤ አሲድ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሊትር 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ፒኤች ከ2 በታች እስኪወርድ። ቀድማችሁ አሲድ ከጨመራችሁ ደለሉ ላይ የተጣበቀው ብረት ይሟሟል፤ ከዚያ ብታጣሩም የምትለኩት ውኃውን ሳይሆን ጭቃውን ነው።

ክሮሚየም ግን የራሱ ጣጣ አለው። በትንሹ አቃቂ ዳር የቆዳ ፋብሪካዎች ይበዛሉ፤ ቆዳ የሚለፋበት ጨው ክሮሚየም ሦስት ነው። መርዛማነቱ የሚከፋው ክሮሚየም ስድስት ነው። አቶሚክ አብዞርፕሽን (ላቡ ብረት የሚለካበት መሣሪያ) የሚነግራችሁ ጠቅላላውን ስለሆነ ሁለቱን አይለይላችሁም። ለስድስቱ የተለየ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ያኛው ጠርሙስ አሲድ አይነካውም፣ ምክንያቱም በአሲድ ውስጥ ስድስቱ ወደ ሦስት ይለወጣል። በ4 ዲግሪ ይዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ በዳይፌኒልካርባዛይድ (ከስድስቱ ጋር ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል)፣ በ540 ናኖ ሜትር ለኩት። ይህን ካልቻላችሁ «ጠቅላላ ክሮሚየም» ብላችሁ ጻፉና ስለ ካንሰር አታውሩ።

ሌላው፣ የማይዝግ ብረት ቢላም ሆነ መፍጫ አትጠቀሙ። ማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለበት፤ የምታገኙት ክሮሚየም ከቢላችሁ ሊሆን ይችላል። የሴራሚክ ቢላና የሸክላ ወይም የአጌት ሙቀጫ ይሻላል።

ቅጠሉን ለሁለት ክፈሉት (የአትክልቱ ልኬት በዚያው ልክ ይጨምራል)፤ ግማሹ እንደ ቤት በቧንቧ ውኃ ይታጠብ፣ ግማሹ አይታጠብ። ልዩነቱ ብረቱ ላዩ ላይ አቧራ ሆኖ ተቀምጦ ነው ወይስ ውስጡ ገብቷል የሚለውን ይነግራችኋል። የታጠበው ውኃው ተንጠፍጥፎ እርጥቡን መዝኑ (ይህን የሚረሳ ብዙ ነው)፣ ከዚያ በ70 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ።

እርጥቡን የምትመዝኑበት ምክንያት ይኸውና። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) በቅጠላ ቅጠል ላይ ያስቀመጠው ወሰን ለእርሳስ 0.3፣ ለካድሚየም 0.2 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ይህ በእርጥብ ክብደት ነው። ላብ ግን የሚሰጣችሁ በደረቅ ክብደት ነው። ምሳሌ፦ 0.5 ግራም ደረቅ ናሙና ሟሙቶ ወደ 50 ሚሊ ሊትር ተሞላ፤ መሣሪያው 0.03 ሚሊ ግራም በሊትር አነበበ። 0.03 ሲባዛ በ50፣ ሲካፈል ለ0.5፣ 3 ሚሊ ግራም በኪሎ ደረቅ። ጎመኑ 90 በመቶ ውኃ ከሆነ በእርጥቡ 0.3 ነው፤ ልክ ወሰኑ ላይ። ደረቁን ከወሰኑ ጋር ያነጻጸረ ሰው ግን «አሥር እጥፍ አልፏል» ብሎ ይጽፋል። 0.03 ደግሞ እርሳስን በነበልባል አቶሚክ አብዞርፕሽን ስትለኩ የመለየት አቅሙ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ግራፋይት ፈርነስ (በጣም ትንሽ መጠን የሚለይ ዘዴ) ፈልጉ።

ለክሮሚየም ኮዴክስ በአትክልት ላይ ወሰን አላወጣም። 2.3 የሚል ቁጥር ተሲሶች ሲቀባበሉት ታያላችሁ፤ ምንጩን እስክታገኙ አትጠቀሙበት። ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ለመስኖ ውኃ ያወጣው ዝርዝርም ያሳስታል። ለክሮሚየም 0.1፣ ለካድሚየም 0.01 ይልና ለእርሳስ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ይላል። ለመጠጥ የተባለው 0.01 ነው፤ 500 እጥፍ። ዝርዝሩ በአብዛኛው ለሰብሉ እንጂ ለበላተኛው አልታሰበም።

ሚዛን_ኪሎ

ነበልባል እጄን አሳረፈው። እኔ ወደ 300ው ልሂድ።

የያማኔ ቀመር በ5 በመቶ ስህተት 1,200 ሲካፈል ለ4 ነው (4ቱ 1 ሲደመር 1,200 ሲባዛ በ0.05 ካሬ ነው)፣ 300 ይወጣል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ቀመሩ ሰው በቀጥታ በዕጣ ሲመረጥ የሚሠራ ነው። እናንተ የምትሄዱት በመንደርና በመስኖ ቡድን ነው። ከአንድ ቦይ የሚጠጡ 15 ጎረቤታሞች መልሳቸው ይመሳሰላል፤ 15 ሰው ጠይቃችሁ የ15 ሰው መረጃ አታገኙም። በአንድ ቡድን ውስጥ ያለው የመልስ መመሳሰል 0.05 ቢሆን ማስተካከያው 1 ሲደመር 14 ሲባዛ በ0.05፣ 1.7 ነው። 300ው 510 ይሆናል። ከእያንዳንዱ ቡድን 10 ሰው ብቻ ብትወስዱ 1.45 ነውና 435 ይበቃችኋል። ስለዚህ ብዙ ቡድን፣ ከየቡድኑ ጥቂት ሰው።

ለመክፈል ፈቃደኝነት ላይ «ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ በባዶ መጠየቅ አይሆንም። በ40 ሰው ላይ ክፍት ጥያቄ ሞክሩ፣ ከመልሱ አምስት የዋጋ እርከን አውጡ፤ በዋናው ጥናት ለእያንዳንዱ ሰው አንዱ እርከን በዕጣ ይደርሰውና «አዎ» ወይም «አይ» ይበል። በዕጣ መሆኑ ግዴታ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው ደህና የለበሰውን አይቶ ከፍ ያለውን ዋጋ ከጠየቀ ጥናቱ ሞተ። በጥሬ ብር ብቻ አትጠይቁ፤ ለጋራ ጉድጓድ በጉልበት ቀን የሚያዋጣውም ይቆጠር፣ አለበለዚያ እጅ ያጠረው ሁሉ «ግድ የለውም» ተብሎ ይመዘገባል።

ከሁሉ በፊት የይዞታ ጥያቄ ይቅደም። የከተማው ዳርቻ ነው፤ መሬቱ ለልማት ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ ጉድጓድ አያስቆፍርም። «አልከፍልም» ያለው ጤና ስለማይገደው ሳይሆን የይዞታ ማረጋገጫ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ይህን ሳትለዩ ብትተነትኑ የመሬት ፖሊሲ ጥናት ሠርታችሁ የጤና አመለካከት ብላችሁ ታወጡታላችሁ።

የቤተ ክርስቲያን ነገር፦ መረጃ ሰብሳቢው በቤተ ክርስቲያን በኩል መጣሁ ካለ ይሉኝታ ይገባል። ማን ነው ለቄስ ልጅ «የሰው ጤና አያገባኝም» የሚለው? ደብዳቤው ከወረዳና ከዩኒቨርሲቲ ይሁን፤ ሥነ መለኮቷም መጠይቅ አታስሞላ።

ዋጋ ስትመዘግቡ «አንድ እስር» መለኪያ አይደለም። የሻጭ ሁሉ እስር ይለያያል፣ ያው ሻጭ እንኳ ጧትና ማታ አንድ አያስርም። በሄዳችሁ ቁጥር ከ10 ሻጭ አንዳንድ እስር ገዝታችሁ መዝኑና በኪሎ ቀይሩ። ነጋዴ ማሳው ላይ እንዳለ በመደብ ሲገዛ ደግሞ የመደቡን ርዝመትና ስፋት በሜትር ለኩ። ዐቢይ ጾምም አለ። 55 ቀን ሙሉ የአትክልት ፈላጊው ሌላ ነው፤ ግማሹን መጠይቅ ከፋሲካ በፊት፣ ግማሹን በኋላ ከሞላችሁ ያያችሁት የዋጋ ልዩነት የጾሙ ነው።

ልብ በሉ፣ ጾሙ የሚውለው ወንዙ በሚያንስበት በበጋው ነው። ዝናብ ሳያቀጥነው ውኃው ላይ ያለው ቆሻሻ በሚከማችበት ወቅት ጎመን በብዛት ይበላል ማለት ነው። አንድ የጋራ ጥያቄ አጣን ካላችሁ ይኸው፤ ለሦስታችሁም ይሆናል።

ሉተራንነትና ኢኮኖሚክስ በቁጥር ተገናኝተው አያውቁም ለሚል አማካሪ አንድ ምሳሌ አሳዩት። ማክስ ቬበር በ1904 እና 1905 እ.ኤ.አ. የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባር ለካፒታሊዝም መነሻ ሆነ ብሎ ነበር። ቤከርና ቮስማን በ2009 እ.ኤ.አ. የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፕሩስያ 452 አውራጃዎችን መረጃ ወስደው ፈተኑት፤ ሉተር ካስተማረባት ከቪተንበርግ ያለውን ርቀት እንደ መሣሪያ ተለዋዋጭ (ምክንያትና ውጤትን ለመለየት የሚረዳ የውጭ መለኪያ) ተጠቀሙ። ፕሮቴስታንት አውራጃዎች የተሻለ ኑሮ ነበራቸው፤ ግን ማንበብ መቻል ሲታሰብ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠፋል። ሉተር ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ፈለገ፣ በ1524 ለከተማ ሹሞች ትምህርት ቤት ክፈቱ ብሎ ጻፈ፤ ንባቡ ለገበያም ጠቀመ። ካንቶኒ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. 272 ከተሞችን ከ1300 እስከ 1900 ተከትሎ በከተማ እድገት ላይ ምንም ልዩነት አላገኘም። ተመልከቱ፣ ሁለቱም የለኩት አንድ አይደለም፤ አንዱ አውራጃና ገቢ፣ ሌላው ከተማና የሕዝብ ብዛት። ሥነ መለኮቱ በነዚህ ሥራዎች ጌጥ አልነበረም፤ የሚፈተነውን ምክንያት የሰጠው እሱ ነው።

ቶሎ_ጨርስ

ይህ ሁሉ ለማስተርስ? አንዱን ያዙና ተመረቁ እንጂ።

ሚዛን_ኪሎ

ሦስት ተሲስ፣ አንድ ቦታ ነው እኮ። እያንዳንዱ ብቻውን መቆም አለበት፤ አንዱ ቢዘገይ ሌላው እንዳይታገት በጽሑፍ ተስማሙ። የላብ ማሽን ተበላሽቶ አንድ ሴሚስተር መቆም እዚህ አገር ብርቅ አይደለም።

አውግስበርግ_28

እህቴ፣ መዝጊያ ጸሎት እንዳይሆን የፈራሽው በትክክል ነው። አብዛኛው «ሁለገብ» ጥናት ሳይንሱን ሠርቶ መጨረሻ ላይ «ምድርንና ሞላዋን» ብሎ ይዘጋል። ያ ሥነ መለኮት አይደለም፤ ጥቅስ ነው።

ምዕራፍሽ የራሱ ጥያቄና የራሱ ማስረጃ ይኑረው። ማስረጃሽ ጽሑፍ ነው፦ የ1530 አውግስበርግ ኑዛዜ (የሉተራን የእምነት መግለጫ)፣ የ1529 ትንሹና ትልቁ ካቴኪዝም (ሉተር ለእምነት ማስተማሪያ የጻፋቸው)፣ በአጠቃላይ በ1580 የተጠረዘው የስምምነት መጽሐፍ። በገጽ ቁጥር አትጥቀሺ፤ ትርጉሙ በተለወጠ ቁጥር ገጹ ይለወጣል። በአንቀጽና በትእዛዝ ጥቀሺ። ትእዛዝ ስትቆጥሪም ተጠንቀቂ፤ በሉተር አቆጣጠር «አትግደል» 5ኛ፣ «አትስረቅ» 7ኛ ነው፤ በካልቪን ወገን 6ኛና 8ኛ ይሆናሉ። በመጠይቅ «ስለ 5ኛው ትእዛዝ ምን ታስባለህ» ብትዪ ግማሹ ስለ ነፍስ፣ ግማሹ ስለ አባትና እናት ይመልስልሻል።

ለጎመኑ የሚሆነው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው 5ኛው ትእዛዝ። ሉተር ትርጓሜውን በሁለት እግር ያቆመዋል፤ ባልንጀራን በሥጋው አለመጉዳት፣ ደግሞም በሥጋው ፍላጎት ሁሉ መርዳት። በትልቁ ካቴኪዝም መልካም ማድረግ እየቻለ ያላደረገም ትእዛዙን እንደ ጣሰ ያስቆጥራል። ሁለተኛው የአባታችን ሆይ አራተኛው ልመና ነው። «የዕለት እንጀራ» ሲል ሉተር የሚዘረዝረው መብልና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ እርሻ፣ ከብት፣ ገንዘብ፣ መልካም መንግሥት፣ መልካም የአየር ሁኔታ፣ ታማኝ ጎረቤት ሁሉ አለበት። የኢኮኖሚስቷ ተለዋዋጮች ግማሽ ያህሉ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው በ1524 ስለ ንግድ የጻፈው ነው፤ ነጋዴ «ዕቃዬን በቻልኩት መጠን አስወድጄ እሸጣለሁ» የሚለውን ደንብ ነቅፎ፣ መለኪያው የሚገባውና ቅን የሆነው ዋጋ ነው ይላል። ብረት እንዳለበት የታወቀ ጎመን ዋጋው ስንት ነው? ይህ ጥያቄ ገበያ ላይም፣ ካቴኪዝም ላይም ይቆማል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ «ሁለቱ መንግሥታት»ን (እግዚአብሔር በመንፈሳዊውም በምድራዊውም ሥርዓት ይገዛል የሚለውን የሉተር ትምህርት) ይዞ ፋብሪካና ፍሳሽ ቤተ ክርስቲያንን አይመለከታትም ማለት ነው። ሉተር ሁለቱን የለየው አንዱ ሌላውን እንዳይውጥ እንጂ ምድራዊው ከእግዚአብሔር እጅ ወጥቷል ብሎ አይደለም። ሌላው ደግሞ የጥሪን ትምህርት ገበሬው ላይ ብቻ መጫን ነው። ብረቱን ወንዙ ውስጥ የጨመረው ከላይ ያለው ሆኖ፣ ከታች ያለውን ድሃ «ጥሪህ ባልንጀራህን ማገልገል ነው፣ ጎመንህን ንቀል» ብትዪው በሕግ ደሃውን ብቻ ቀጣሽ። ጥሪ ለፋብሪካ ባለቤትም፣ ለተቆጣጣሪም፣ ለሸማችም አለው፤ ምዕራፉ አራቱንም ይዘርዝር።

ቃሉንም ፈትሺ። በኛ ቤተ ክርስቲያን «ጥሪ» ሲባል ሰው የሚገባው የአገልግሎት ጥሪ ነው። ገበሬውን «ጥሪህ ምንድን ነው?» ብትዪው «እኔ ሰባኪ አይደለሁም» ይልሻል። በአካባቢው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሚበዛ «ዋሚቻ» ብትዪም ችግሩ አይፈታም። «ይህ ሥራህ ማንን ይጠቅማል? ማንን ሊጎዳ ይችላል?» ብለሽ ጀምሪ። መጠይቁን አንድ ሰው ወደ አፋን ኦሮሞ ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ የተለያየው ቦታ ላይ ቃል ቀይሪ። የቡድን ውይይት ከ6 እስከ 10 ሰው፣ ሴቶች ለብቻ። ገበያ የሚያወጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው፣ ወንዶች ባሉበት ግን አይናገሩም።

ስለ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ስለነበሩት ጉዲና ቱምሳ መጻፍሽ አይቀርም። የ1972 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ቤተ ክርስቲያን ልማት ትሥራ» የሚል ሆኖ ይጠቀሳል። ደብዳቤው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሲጻፍ ቅሬታው ሌላ ነበር፤ የውጭ ለጋሾች ለልማት በቀላሉ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራና ለመሪዎች ሥልጠና ግን እጃቸው ያጥራል፤ ሰውን ለሁለት የከፈሉት እነሱ ናቸው የሚል። ለሰው ሙሉነት የተሟገተው በሁለቱም በኩል ነው። ይህን ገልብጠሽ ከጠቀስሽ ፈታኞችሽ ያስቆሙሻል።

የአቃቂ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ አውግስበርግ፣ አንድ ያልተስማማንበት ቀረ። የላብ ውጤቱ ከፍ ብሎ ቢገኝ ለገበሬው መቼ ነው የሚነገረው? ኬሚስታችን «ሳልደግመው አልናገርም»፣ ኢኮኖሚስቷ «ከመጠይቁ በፊት ከተነገረ መልሱ ይበላሻል» ትላለች፣ እኔ ደግሞ 5ኛውን ትእዛዝ እየጻፍኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነበልባል

ኬሚስቱ ልክ ነው፣ ግን ገደብ ይኑረው። ከወሰን ያለፈው ናሙና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደገም። የታወቀ መጠን ብረት ጨምራችሁ ስትለኩ ከ80 እስከ 120 በመቶው ካልተመለሰላችሁ ውጤቱን ለማንም አትናገሩ፤ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የአንድ ቤተሰብ ገበያ ይዘጋል።

አውግስበርግ_28

ከተደገመና ከተረጋገጠ በኋላ ግን አንድ ቀን አይደር። ለተሲስ ንጽሕና ሲባል የሰው ማዕድ አይያዝም። ደግሞ መጀመሪያ ለባለማሳው ይነገር፤ ከዚያ ለጤና ጽሕፈት ቤት። በሪፖርቱ ላይ የማሳው ቦታ ተለይቶ እንዳይታወቅ፤ ካርታው በወንዝ ክፍል እንጂ በማሳ አይሁን።

ሚዛን_ኪሎ

ሁለቱም ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ገልብጡት። ላቡ መጠይቁን ይቅደም። የካቲት ላይ ናሙና፣ ድጋሚው መጋቢት ላይ ይለቅ፤ ውጤቱ እንደተረጋገጠ መጠይቁ በዚያው ሳምንት ናሙና ለተወሰደባቸው ማሳዎች 40 ባለቤቶች ይጀመር። ከ40ዎቹ ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ውጤታቸውን ከዋጋ ጥያቄው በፊት ይስሙ፣ ግማሾቹ ጥያቄው እንዳለቀ እዚያው ቁጭ ባሉበት። መዘግየቱ የግማሽ ሰዓት ነው፤ አንቺም ዝም አላልሽም፣ እሷም መረጃ ማወቅ የመክፈል ፈቃደኝነትን ምን ያህል እንደሚለውጥ ታያለች። 20 ለ20 ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ለውጥ ካልሆነ አይታይም፣ ይህን በፕሮፖዛሉ ግልጽ አድርጉት። ጾሙ የዚያን ጊዜ ስላላለቀ የዋጋ ምዝገባውን ለብቻ አውጥታችሁ ከፋሲካ በኋላም ድገሙት።

አውግስበርግ_28

ግማሽ ሰዓቱን እቀበላለሁ። ይህ አሠራር ግን በፈቃደኝነት ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የአቃቂ_ልጅ

ቅጹን ዛሬ ማታ እናስተካክላለን። ነበልባል፣ የሴራሚክ ቢላውን የት ነው የሚሸጡት?

ነበልባል

የወጥ ቤት ዕቃ ከሚሸጥበት፤ ነጭ ምላጭ ያለው ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት እሱንም በአሲድ እጠቡት።